በእንተ ዘር ወመሬት

ከደንበጫ ተነሥቶ በጅጋ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ማንኩሳን አልፎ ወደ ቡሬ የሚዘልቀውን መንገድ በሬ በተጠመደበት ወራት የተጓዘ ሰው፣ በግራም በቀኝም የተገለበጠው ማሳ እንደ ድልህ ቀልቶ ሲያየው መደነቁ አይቀርም፤ ይህ አፈር በጥንተ ዘመን ከምድር ሆድ የወጣው የእሳተ ገሞራ ዐለት በዝናም ብዛት ደቅቆ የሆነ ሲሆን፣ በቆሎውንና ጤፉን፣ የቡሬንም በርበሬ አብቅሎ አገሬውን የሚመግብ በረከት ነው። ነገር ግን በዚሁ በረከት ላይ ባዶ እግራቸውን ከሚውሉት መካከል የአንዳንዶቹ እግር ከጉልበት በታች እያበጠ፣ ቆዳው እየደነደነና እየጎረበጠ፣ ሕዝቡ ዝሆኔ ብሎ ወደሚጠራው ደዌ ይደርሳል፤ በደንበጫና በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ኤልያስ ወረዳ የተደረገው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ስርጭቱን ከመቶ 3.3 ሆኖ አግኝቶታል።

አንድ ዓመት በጸሎተ ሐሙስ፣ በቡሬ አጠገብ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ፣ አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ከቅጥሩ ሥር ለብቻቸው፣ ጋቢያቸውን እስከ መሬት ለቅቀው ተቀምጠው አየሁ። «አባባ፣ አይታጠቡም?» ብላቸው፣ የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አድርገው እንደ ግንድ የወፈረውን፣ በጣቶቹ መካከል የተሰነጣጠቀውን እግራቸውን አሳዩኝና፣ «ልጄ፣ ይህን ለካህን እጅ ማን ያቀርባል?» አሉ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ ልጃቸውን ሊያጩ የመጡት ሽማግሎች ነገሩን ከሰሙ በኋላ «ዘር ነው» ብለው መመለሳቸውን አጫወቱኝና፣ «አንተ ቀለም የቆጠርህ ነህ፤ እውነት ዘር ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አዎን ብል በልጃቸው ላይ መፍረዴ፣ አይደለም ብል ዋሾ መሆኔ ነበርና ዝም አልሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ቃል ከኅሊናዬ አልወጣም። በአገራችን ልማድ ጋብቻ ሲታሰብ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በዚያ ቆጠራ ውስጥ ደዌም አብሮ ይመረመራል፤ «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውም ምሳሌ ለፍርዱ ማኅተም ይሆናል። የተማረው ሰው ይህን ሁሉ የድንቁርና ወሬ ብሎ ለማለፍ ይቸኩላል፤ እኔ ግን ሽማግሎቹ ያዩትን በእውነት አይተዋል እላለሁ። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በወላይታ የተደረገ የቤተሰብ ጥናት፣ የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት በደዌው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል፤ በ2012ም ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ የሕሙማንንና የጤነኞችን ደም አስተያይተው፣ ስውሩ ልዩነት በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ኤችኤልኤ በሚባሉት ዘረመሎች ዘንድ መሆኑን ገለጹ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ነገሩ በሦስት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ዘንድ ተመርምሮ ጸና።

በዚህ ደዌ ትንኝም ትልም የለበትም። ረቂቅ የሆነው የቀይ አፈር ብናኝ በቆዳ አልፎ ሲገባ፣ ባዕድ ነገርን ለመዋጥ የተሾመው ሕዋስ ይውጠዋል፤ ተሐዋሲን ቢውጥ አቅልጦ ያጠፋዋል፤ ድንጋይን ግን ማቅለጥ አይሆንለትም። ደዌውን ፖዶኮኒዮሲስ፣ ማለት በግሪክ ልሳን የእግር ትቢያ ብሎ የሰየመው የብሪታንያው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ፣ በእነዚሁ ዋጭ ሕዋሳት ሆድ ውስጥ ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለበትን ቅንጣት አግኝቷል። የኤችኤልኤ ሞለኪውል ደግሞ ሕዋሱ የዋጠውን ቁራሽ በገጹ ላይ አውጥቶ ለሌሎቹ ዘብ ሕዋሳት የሚያሳይበት እጅ ነው፤ ይህ እጅ በሰው በሰው የሚለያይ ስለሆነ፣ ሊቃውንቱ እንደሚረዱት፣ የአንዱ ሰው ዘብ አይቶ ሲያልፍ የሌላው ይቆጣል፤ ቁጣውም ሳይበርድ ሲቀር፣ ከእግር ፈሳሽ የሚመልሱት የሊምፍ ቧንቧዎች እየደነደኑ ይዘጋሉ።

እንግዲህ የደዌው ምክንያት ምንድን ነው? ዘር ነው እንዳንል፣ ደዌው ቀድሞ በሰሜን አፍሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ነበረ፤ ዘሩም አፈሩም ሳይለወጥ፣ ሕዝቡ ጫማ ባደረገ ጊዜ ጠፋ። አፈር ነው እንዳንል፣ በዚያው ማሳ ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ አርሶ ደኅና እግር ይዞ የሚቀበረው ብዙ ነው። ምክንያቱ የሚወለደው ሁለቱ ሲገናኙ ነው፤ ከዚያ በፊት በአንዳቸውም ውስጥ ቢፈልጉት አይገኝም። ይህንንም ከማንም ይልቅ ገበሬው ያውቀዋል፤ በጎተራ ያለ ዘር እንደማይበቅል፣ በዋልካና በቀይ አፈር የተዘራ አንድ ዘር አንድ ዓይነት ምርት እንደማይሰጥ ሲናገር ይውላል፤ ሽማግሌ ሆኖ ለጋብቻ ሲቀመጥ ግን ያው ቃል የተፈጸመ ፍርድ ይሆንበታል። ያ የዘረመል ጠባይ ከጤነኞቹም መካከል በብዙዎቹ ደም ተገኝቷል፤ ምናልባትም ከተመለሱት ሽማግሎች አንዱ ይዞት ይሆናል። የሚያስፈራኝም ይህ ነው፤ የሊቃውንቱ ግኝት ወደ ገበያ ሲወርድ «ዘር መሆኑ ተረጋገጠ» ተብሎ ቢወራ፣ እውነተኛው ዕውቀት ለአሮጌው ፍርድ ምስክር ሆኖ ይቆማል።

በፋሲካ ማግሥት ቤታቸው ሄጄ ይህንኑ በማሳቸው ቋንቋ ነገርኋቸው፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። ልጅቱ በጤና ጣቢያ እንደተማሩት በሳፋ ውኃ ላይ ጥቂት በረኪና ጠብ አድርጋ እግራቸውን ሩብ ሰዓት ያህል ከነከረችው በኋላ፣ በሳሙና አጥባ፣ የጣቶቹን መካከል በጨርቅ እያደረቀች ቫዝሊን ቀባቻቸው። በአነደድ ወረዳ ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመው ሙከራ፣ እንዲህ ያለውን እንክብካቤ ከነጫማው ባላገኙት ዘንድ በዓመት 24 ጊዜ ያህል የሚመላለሰው ግርሻ፣ ባገኙት ዘንድ 19 ያህል ሆኖ ተቆጥሯል፤ በትኩሳትና በቁርጥማት ከመኝታ ለሚወድቅ ሰው አምስት ጊዜ መትረፍ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያም ልጅቱ ሳፋውን አንሥታ ወጣችና ውኃውን በደጃፉ ቀይ አፈር ላይ ደፋችው፤ ጭቃውም በእግሯ ጣቶች መካከል ብቅ አለ።

«አንቺ ልጅ» አሉ አባቷ ከውስጥ ሆነው፣ «ጫማሽ የት አለ?»