ስለ እንግድነትና ስለ ልሳን

ሰው ቋንቋ ሊማር ከአገሩ ወጥቶ በሰው ቤት ሲቀመጥ፥ የዚያ ቤት ሰዎች ለእርሱ ምኑ ናቸው? ዋጋ ተቀብለው የሚያሳድሩ አከራዮች ናቸውን? መምህራን ናቸውን? ወይስ ወላጆች? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን ከምእመናን ልጆች አንዱ ከእስጳንያ የላከልን ደብዳቤ ነው። ልጁ በአሜሪካ ተወልዶ ያደገ ሲሆን፥ በኮሌጅ የጀመረውን የእስጳንያ ቋንቋ ለማሻሻል ወደ ሳላማንካ ከተማ ሄዶ አምስት ወር በአንዲት ባልቴት ቤት ተቀምጦ ነበር። የምንጽፈው በንስሐ የነገረንን አይደለም፤ ደብዳቤውን ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን በፈቃዱ ሰጥቶናል፤ እኛም የእርሱንና የባልቴቲቱን ስም ትተናል።

እስጳንያ፥ ዛሬ ስፔን የምንላት፥ ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሊሄድባት ማሰቡን የገለጠላት አገር ናት፤ በመንገዱም የሮሜ ምእመናን ተቀብለው እንዲሸኙት ተስፋ አድርጎ ነበር። ሳላማንካም ለቋንቋ ትምህርት የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ዩኒቨርሲቲዋን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1218 ዓ.ም. የሊዮን ንጉሥ ዘጠነኛው አልፎንሶ መሠረተው። አንቶንዮ ዴ ኔብሪሐ የተባለው ሊቅ የጻፈው የካስቲልያ ቋንቋ ሰዋስውም በ1492 በዚያችው ከተማ ታተመ። የዘመኑ ሊቃውንት ሰዋስውን የላቲን ገንዘብ አድርገው ይመለከቱ ነበርና፥ ሕዝብ በገበያ የሚናገረውን ቋንቋ በሕግና በሥርዓት መጻፍ ያን ጊዜ አዲስ ነገር ነበር። ዛሬ ግን ሰዋስዉን ማንም በቤቱ ሆኖ ሊያጠናው ሲችል፥ ወጣቶች ባሕር ተሻግረው የሚሄዱት በመጽሐፍ የማይገኘውን በማዕድ ለመፈለግ ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ተማሪው ለትምህርት ቤቱ ይከፍላል፤ ትምህርት ቤቱም አልጋና ምግብ ለሚሰጠው ቤተ ሰብ ከዚያ ገንዘብ ያካፍላል። በዚያ አገር ምሳ የሚበላው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ፥ እራትም ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ምግቡ ካለቀ በኋላም ሰው ወዲያው አይነሣም፤ በወንበሩ እንደ ተቀመጠ ስለ ቀኑ ውሎ፥ ስለ ዘመድ፥ ስለ ሞተና ስለ ተወለደ ይጫወታል። ይህን ጊዜ «ሶብሬሜሳ» ይሉታል፤ በቁሙ ሲተረጐም «በገበታ ላይ» እንደ ማለት ነው። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪደርስ የሚደረገውን ጨዋታ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም። ቋንቋ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በተለይ በዚህ ሰዓት ነው።

ልጃችን ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ በላ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ይገባና ከአሜሪካ ወዳጆቹ ጋር በስልክ በእንግሊዝኛ ሲነጋገር ያመሽ ነበር። አንድ ቀን ባልቴቲቱ «ማል ኤዱካዶ» አሉት። እርሱም «ያልተማርህ» ያሉት መስሎት፥ በትምህርቱ የሚመሰገን ነውና፥ እጅግ ተቈጣ። ቃሉ ግን በዚያ አገር ሥርዓት የጐደለውን ሰው የሚነቅፍ ነው፤ እስጳንያውያን አንዱን «ኤዱካዶ» ብለው ሲያመሰግኑ ጨዋነቱን እንጂ ስንት ዓመት እንደ ተማረ አይመረምሩም። በዚያው ሰሞን እንዲህ ሲል ጻፈልን፤ ፊደሉን አቃንተን ቃሉን እንደ ነበረ ትተነዋል፦ «አባቴ፥ ይቺ ሴትዮ ብዙ ታወራለች፥ ቶሎ ቶሎ ታወራለች፥ እኔን ግን አታስወራኝም። ከፍያለሁ። ቤት ቀይሩልኝ ብል ኃጢአት ነው ወይ?»

እኛም ኃጢአት አይደለም ብለን መለስንለት። በእርግጥ ምግብ የሚያጓድሉ፥ እንግዳውን እንደ ዕቃ በጠባብ ክፍል የሚዘጉበት ቤቶች አይታጡም፤ ከእንዲህ ያለው ቤት መውጣት ማንንም አያስነውርም። ነገር ግን ቸኩለን እንደ መለስን ኋላ ታወቀን፤ የደብዳቤውን መጨረሻ አስተውለን አላነበብነውም ነበርና። እንዲህ ይላል፦ «ትናንት ማታ ባሏ ሆስፒታል ሲሞት እሷ ቤት ተኝታ እንደነበር ነገረችኝ። ምነው በዚያች ሌሊት አጠገቡ በነበርኩ አለች። ይህ የግሥ አነጋገር ከመጽሐፍ አልገባኝ ብሎ ነበር፤ አሁን ገባኝ፥ ወዲያው በደብተሬ ጻፍኩት።»

እነሆ የጥያቄው ሥር ይህ ነው። ባልቴቲቱ ኀዘናቸውን ሰጡ፤ ልጁ ግሥ ተቀበለ። ሰረቀ እንዳንል የወሰደው ከእርሳቸው አልጐደለም፤ ዋሸ እንዳንል ሐሰት አልተናገረም። ታዲያ በደሉ ምንድር ነው? ተናጋሪ ቃሉን የሚልከው ሰሚው ልቡን እንዲያይለት ነው። ሰሚው መልእክቱን ትቶ የተላከበትን ብቻ ሲያደንቅ፥ መልእክተኛውን በደጅ አቁሞ የበቅሎውን ኮርቻ የሚመረምር ሰው ይመስላል። መጽሐፍ እንዲህ ቢያነቡት አይከፋውም፤ ሰው ግን መጽሐፍ አይደለም።

እርሳቸውስ ያስቀመጡት ስለ ገንዘቡ አይደለምን? የሚል አይጠፋም። አዎን፥ ስለ ገንዘቡም ነው፤ የጡረታ አበል ለማይበቃው ሰው ይህ ነውር አይደለም። ነገር ግን ገንዘቡ የምን ዋጋ እንደ ሆነ ለይተን እንመልከት። በዐቢይ ጾም ልጁ ሥጋና ወተት እንደማይበላ ሲነግራቸው፥ የእናታቸውን ጾም አስታውሰው በአገራቸው በጾሙ ዓርብ የሚበላውን የሽምብራና የስፒናች ወጥ ሠሩለት። በዚያ ወጥ ዓሣ ይገባበታል፤ ዓሣም አልበላም ቢላቸው ዓሣውን ለራሳቸው ለብቻ አበሰሉ። ይህ በውሉ አልተጻፈም። ንግግሩን ሲያርሙለት፥ ደክሞአቸው እንኳ፥ አንዱን ቃል አራት ጊዜ ይደግሙለት ነበር፤ ይህም አልተጻፈም። ገንዘቡ የአልጋውና የእንጀራው ዋጋ ነው፤ ሌላው ስጦታ ነው፤ ስጦታም ተቀባዩ ካላወቀው በመንገድ ይቀራል። በቋንቋቸው «ዌስፔድ» የሚባል ቃል አለ፤ ዛሬ በተለይ እንግዳውን የሚጠራ ሲሆን፥ በጥንቱ አነጋገር እንግዳ ተቀባዩም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ልጁ የባልቴቲቱን ነገር በልቡ ቢያሳድረው ኖሮ፥ እርሱም በፈንታው ተቀባይ በሆነ ነበር።

ይህን ስንል በልጁ ላይ ለመፍረድ ድፍረት የለንም። እኛም በልጅነታችን የቆሎ ተማሪ ሆነን ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎጃም በወረድን ጊዜ፥ ደበሎ ለብሰን አኩፋዳ አንግተን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በየደጁ ስንዞር፥ አንዲት ሴት ባዶ እጃችንን መልሳን አታውቅም ነበር። እንጀራውን ስትሰጠን «እናትህ አለችን?» ብላ ትጠይቀናለች፤ እኛም የሰማነው ቅኔ እንዳይጠፋን እየተጨነቅን «አለች» ብለን እንሮጣለን። ለምን እንደምትጠይቅ አንድ ቀን እንኳ አላሰብንም። ቅኔውን ዛሬም በቃላችን እናውቀዋለን፤ የሴቲቱን ስም ግን ሳንጠይቅ ተለየናት።

በአራተኛው ወር ባልቴቲቱ ታመሙ። ልጁም ደንግጦ በሌላ ከተማ ለምትኖረው ልጃቸው ስልክ ደወለ። በእስጳንያ ቋንቋ «ነው» ለማለት ሁለት ግሥ አለ፤ «ሴር» የሰውን ጠባይና ምንነት፥ «ኤስታር» ያለበትን ሁኔታ ይናገራል። ስለዚህ «ኤስታ ማላ» ቢሉ ታማለች፥ «ኤስ ማላ» ቢሉ ግን ክፉ ናት ማለት ነው። ልጁ ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አጥንቶታል፤ በጭንቅ ሰዓት ግን «እናትሽ ኤስ ማላ» አላት። እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ «ምን አደረገችህ?» ስትል ጠየቀችው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በራሱ ቃል እናስቀምጠዋለን፦ «አባቴ፥ የምመልሰው ጠፋኝ። ምንም አላደረጉኝም። ተሳስቼ ነው፥ ታመዋል አልኳት፤ ሌሊቱን ሆስፒታል አጠገባቸው ተቀምጬ አደርኩ። ስለ ባላቸው እንደገና ነገሩኝ። ስማቸው ማን ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ነገሩኝ። ደብተሬን ቤት ትቼው ነበር። አሁን ተሽሏቸዋል፤ ቤት መቀየሩንም ትቼዋለሁ።»

በፊተኛው ደብዳቤ «እሷ» ያላቸውን በዚህኛው «እሳቸው» ማለቱን ልብ አልን። በአሜሪካ ያደጉ ልጆቻችን ይህን አነጋገር ብዙ ጊዜ ይስቱታልና፥ ሲመለስ ከማን እንደ ተማረው ልንጠይቀው አስበናል።