ከሾላው ሥር

በስምጥ ሸለቆ ዳርቻ፣ ተራራ ተደግፋ በተቆረቆረች መንደር አንድ ቤተሰብ ይኖር ነበር፤ አባትና እናት፣ ፍየል ጠባቂው ልጅ፣ ታናሽ እህቱና ዓይናቸው የደከመ አያት።

አንድ ረፋድ ምድር ተንቀጠቀጠች። አባት ሞፈር ቀንበሩን ጥሎ ወደ ቤት ሮጠ። ልጅቱን ቢያጣት እናቱን ጠየቀ፤ «አንተን ፍለጋ ወደ እርሻው ሄዳለች» አሉት። ያዘነበለው ግድግዳ ሥር እንደተቀመጡ ትቷቸው ተመለሰ። እናት ከገበያ ወደ ፍየሎቹ መስክ ወጣች፤ ልጇ ግን እሷን ብሎ በአቋራጭ ወደ ገበያ ወርዷል። አንዱ ሲደርስ ሌላው ከዚያ ተነሥቶ ሄዷል። ሲፈላለጉ ፀሐይ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ ልጁ «እህቴ ውስጥ ቀርታ ይሆናል» ብሎ የተሰነጠቀው ቤት ገባ። ምድር እንደገና ስትነቃነቅ ግድግዳው እግሩ ላይ ወደቀ። እህቱ ቤት ውስጥ አልነበረችም።

ወጌሻ ጠግኖት ሲሻለው አያት ሁሉንም ሰበሰቡ።

«ከእንግዲህ ምድር ስትናወጥ ማንም ማንንም ፍለጋ አይሂድ። ሁላችሁም ከቤቶች ርቆ ወደቆመው ሾላ ኑ።»

አባት ተቆጣ። «ልጄን ትቼ?»

«ልጅህ ወደዚያው እየመጣ አይደል? የምታገኘው እዚያ ነው።»

«አንቺስ፣ እማዬ? መንገዱን አታዪውም።»

«ያን ጊዜ አጠገቤ የተገኘ ሰው ልጄ ነው። እናንተም አጠገባችሁ ላለው ሰው ልጅ ሁኑለት።»

መንደሩ «ልበ ድንጋይ ናቸው» ብሎ አማቸው።

ዓመታት አልፈው ምድር ዳግም ተንቀጠቀጠች። እናት ወንዝ ወርዳ ነበር። ልቧ ወደ ቤት እየጎተታት፣ ውሃ ልትቀዳ የመጣችውን የጎረቤት ልጅ እጅ ይዛ ወደ ሾላው ወጣች። ልጁ እያነከሰ ደረሰ፤ ትንሿም፣ አባትም ደረሱ። አያት የመጡት ውሃ ሊለምን ደጃፋቸው የቆመ መንገደኛ አዝሏቸው ነው።

ምድር ስትናወጥ ሰው አእምሮውን ስቶ የሚበተን ይመስለናል። አጥኚዎች በአብዛኛው የሚያዩት ግን ሌላ ነው፤ ሰው የሚሄደው ወደ ወገኑ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ በተመታች ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ዋና ከተማዋን ፖርቶፕሪንስን ለቀው ወጡ። የሞባይል ስልኮችን እንቅስቃሴ የመረመሩ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ ብዙዎቹ የሄዱት ከአደጋው በፊት ገናንና አዲስ ዓመትን ወዳሳለፉበት ቦታ ነበር። ይህ ፍቅር ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ልጁን ወደተሰነጠቀው ቤት ያስገባውም ይኸው ፍቅር ነው።

በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ባሕር ዳርቻ ሱናሚ ደጋግሞ የመታቸው ሰዎች የአያትን ነገር ከብዙ ሞት በኋላ ተማሩት። ሌላውን ሳትጠብቅ ወደ ከፍታ ውጣ፤ ቤተሰብህም እንዲሁ እንደሚያደርግ እመን ይላሉ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ከፍተኛው የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ፣ በካማይሺ ከተማ የአንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ወዲያው ወደ ከፍታ ሮጡ፤ የአንደኛ ደረጃ ሕፃናትንም እጃቸውን ይዘው ወሰዷቸው። ከከተማዋ 3000 ገደማ ተማሪዎች ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ተረፉ። ይዘው የሮጡት ወንድምና እህቶቻቸውን ብቻ አልነበረም፤ በመንገዳቸው ያገኙትንም ነው። ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ለሳምንታት ስትናወጥ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀያቸውን ለቀቁ። ንዝረቱ አዲስ አበባም ደርሶ በሌሊት ሰው ከፎቅ በደረጃ ወረደ። ሕንፃው እየተነቃነቀ ደረጃ ላይ መሮጥ አደገኛ ነው፤ እስኪቆም ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስንና አንገትን መሸፈን፣ ከዚያ ያለ ሊፍት መውረድ ይሻላል። ከወረዱ በኋላ ግን የት ነው የሚገናኙት? ልጁ ትምህርት ቤት፣ እናት ሥራ ቦታ፣ አባት ታክሲ ውስጥ ሳሉ መንቀጥቀጡ ቢመጣና ስልኩም ቢጨናነቅ፣ የሚገናኙበትን ከሕንፃ የራቀ ሜዳ ዛሬ ማታ እራት ላይ መምረጥ ይቻላል። አራተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩትን እናት ማን ደግፎ እንደሚያወርዳቸውም ከጎረቤት ጋር መነጋገር ይቻላል፤ በሩን የሚያንኳኳ አንድ ሰው ነው የሚያስፈልገው።