ሳይሰሙ ማገድ ፍትሕ ነውን?

ዳኛ የሁለቱን ወገን ቃል ሳይሰማ እንዳይፈርድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሥርዓት ነው። ታዲያ አንድ ሰው ገና አንዲት ቃል ሳይናገር ከገዛ ቤቱ እንዲርቅ ቢታዘዝ፣ ይህ ከፍትሕ ጋር እንዴት ይስማማል? በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ይህን በምሬት የሚጠይቁ አሉ።

በካሊፎርኒያ ግዛት በቤቷ ጥቃት የደረሰባት ሴት (ሕጉ ወንድንም ያካትታል) ስታመለክት፣ ዳኛው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የሥራ ቀን ጊዜያዊ የእግድ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። ባልየው እንዳይቀርባትና እንዳይደውልላት ይታገዳል፤ የጦር መሣሪያ ካለውም ያስረክባል። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ በ21 ቀን ውስጥ ሁለቱም የሚሰሙበት ችሎት ይቀጠራል፤ ፍርድ የሚባለው ያን ጊዜ የሚሰጠው ነው። በእነዚህ ሳምንታት ያለ ጥፋቱ ከቤቱ የሚርቅ ሰው ሊኖር ይችላል፤ በደሉም ቀላል አይባልም። ሆኖም እርሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በዚያው ሳምንት የተገደለች ሴት ግን አትመለስም።

የቤተ ክርስቲያን ሕግም ይህን አስቀድሞ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሕገ ቀኖና በቁጥር 1153፣ በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖናም በቁጥር 864፣ የትዳር ጓደኛው አደጋ የሚያደርስበት ሰው በጳጳሱ ውሳኔ፣ መዘግየቱ የሚያሰጋ ከሆነም በራሱ ሥልጣን ተለይቶ መኖር እንደሚችል ይደነግጋሉ። «ቻዪው» ማለት የሚቀናው መካሪ ይህን አንቀጽ ቢያነበው መልካም ነው።

ወረቀት ብቻውን ግን አያድንም። በኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1999 የእግድ ትእዛዝ የነበራት እናት ፖሊስን ደጋግማ ብትለምንም ሦስት ሴቶች ልጆቿ ተገደሉ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2005 ፖሊስ ትእዛዙን እንዲያስፈጽምላት የመጠየቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት የላትም ሲል ወሰነ። ስለዚህ ጎረቤትና ዘመድ ዐይናቸውን መግለጥ ይኖርባቸዋል።

እዚህ ላይ የእኛው ሽምግልና ይመጣል። እንዲህ ያለው ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሰው በኩል መገናኘትንም ይከለክላል፤ ባል «አስታርቁኝ» ብሎ ሽማግሌ ቢልክ ራሱ ሊታሰር ይችላል። ሽማግሌውም ሳያስበው የተጠለለችበትን ቤት ያመለክታል። እርቅ የተቀደሰ ነገር ነው፤ የፈራ ሰው የሚሰጠው እሺታ ግን እርቅ አይባልም። ሽማግሌዎች የሚሠሩት ካሻቸው ባልየው ዘንድ ይሂዱ፤ የሚያድርበትን ይፈልጉለት፣ የችሎቱን ቀን ያስታውሱት፣ ወደ ደጇም እንዳይሄድ አጠገቡ ይሁኑ።