ሦስት መኪና፣ አንድ ባትሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አምባ ጊዮርጊስ ባለው ግቢያችን ሁለት አሮጌ ቮልስና አንድ ፊያት 600 ቆመዋል። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር ከአጎቴ ጋር ሦስቱንም እንነካካለን። የቮልስ ሞተር ከኋላ ሆኖ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም፤ ቀላል ነው ብለን ደፈርን። የቀድሞው ቮልስ ግን መመረቱ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ስላበቃ ዕቃው ይቸግራል፤ ስለዚህ የአንዱን ካርቡራተር ፈትተን ለሌላው እናስራለን። ባትሪውም አንድ ነው፤ ሦስቱን ይዞራል።

አንድ ሌሊት አያቴ በጠና ታመሙ። ወደ ጎንደር ልናደርሳቸው ስንሮጥ ከሦስቱ አንዱም አልተነሣም። ጎረቤት በአይሱዙ አደረሰልን፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳኑ። እኔ ግን አፈርሁ።

ነፍሴም እንዲሁ ናት። ዳዊት መድገም ጀመርሁ፤ ተውሁ። ግዕዝ ጀመርሁ፤ ተውሁ። ንስሐንም ለነገ አሳደርሁ። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ጀምሮ መፈጸም ስላቃተው ሰው ያስተማረው ለእንደ እኔ ያለው ነው።

ወገኖቼ፣ ጥሪው በሌሊት ሲመጣ የሚያደርሰን የተፈጸመው ሥራ ነው። እኔና አጎቴ አንዱን ቮልስ ሳንጨርስ ሌላውን ላንነካ ተስማምተናል። እኔም ከንስሐ እጀምራለሁ። እናንተስ ከየትኛው ትጀምራላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።