መክሊታችን የማን ነው?



በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ወጣቶች «ታለንት አለው» ሲሉ፥ መልካም ድምፅ ያለውን ወይም ኳስ የሚችለውን ማለታቸው ነው። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ታሪኩ ግን ወደ ቅዱስ ወንጌል ይመልሰናል።

በጥንቱ የግሪክ ቋንቋ «ታላንቶን» ሚዛን ማለት ነበር፤ ኋላም በሚዛን የሚለካው ክብደት፥ ቀጥሎም በዚያ ክብደት የሚቆጠረው ብር በዚሁ ስም ተጠራ። ቃሉ በላቲን በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ከተናገረው ምሳሌ የተነሣም፥ በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ ትርጉሙ ከገንዘብ ወደ ተሰጥኦ ተሻገረ። የእኛም «መክሊት» በዚያው መንገድ ሄዷል። ምሳሌውን በዐቢይ ጾም ስድስተኛ እሑድ፥ በገብር ኄር፥ እንሰማዋለን።

ነገር ግን ቃሉ ሲሻገር ሁለት ነገር ተረሳ። አንደኛው ክብደቱ ነው። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነበር፤ ዲናር የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ስለ ነበረ፥ ይህ ወደ 20 ዓመት የሚጠጋ የድካም ዋጋ ነው። ስለዚህ አንድ መክሊት የተቀበለው እንኳ «ምን አለኝ?» ሊል አይችልም።

ሁለተኛው ባለቤቱ ነው። ጌታው መክሊቱን ለእያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ እንደ ሰጠ ወንጌል ያስተምረናል፤ እንግዲያስ ዐቅምና መክሊት አንድ አይደሉም። መክሊቱ የጌታው ገንዘብ፥ የአገልጋዩም አደራ ነው። በገጠራችን በግ በርቢ የተቀበለ ሰው በጓ የእርሱ እንዳልሆነች ያውቃል፤ ቢሆንም ያሰማራታል፥ ይጠብቃታል፥ ስትወልድም ከባለቤቷ ጋር ይካፈላል። «እንዳትጠፋ ፈራሁ» ብሎ ከበረት ሳያወጣ በረኃብ ቢያከሳት ግን ባለቤቷ ምን ይለዋል? መክሊቱን የቀበረው አገልጋይም ያቀረበው ምክንያት ፍርሃት ነበር።

ዛሬም «አልተማርሁም፥ ታለንት የለኝም» እያልን አደራችንን የምንቀብር ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ የታመመን መጠየቅ፥ የተጣላን ማስታረቅ፥ ለልጅ ማማተብን ማስተማር መድረክም ጭብጨባም አይሻም።

እናንተም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፥ ልጆችን «ምን ትችላላችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቋቸው፤ «ምን ተሰጣችሁ? ማንንስ ታገለግሉበታላችሁ?» በሏቸው። በመድረክ የማይታየው ልጅ ይህን ሲሰማ፥ በእግዚአብሔር ዘንድ የታመነ መሆኑን ያውቃል።

ጌታ ሲመጣ አደራውን ከእጃችን ያግኝ እንጂ ከጉድጓድ አይፈልገው። አሜን።