«ቴኔብሬ»፦ ስለ አንድ የጨለማ ስም



በላቲን ሥርዓት በሰሙነ ሕማማት ከሚደርሱት ጸሎቶች መካከል ከጥንት ጀምሮ «ቴኔብሬ» ተብሎ የሚጠራ አለ። የስሙን ትርጉም ስንጠየቅ «ጨለማ ማለት ነው» ብለን በአጭሩ እናልፋለን። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ቃሉ ከዚህ የሚበልጥ የሚነግረን ስላለው ጥቂት ልንቈይበት ወደድን።

«ቴኔብሬ» በላቲን ቋንቋ የብዙ ቍጥር ስም ነው፤ እንደ ቃሉ ቢተረጐም «ጨለማዎች» ያሰኛል፤ ነጠላው እምብዛም አይነገርም። ቅዱስ ሄሮኒሞስ ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ሲመልስ በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ በጥልቁ ላይ የነበረውን ጨለማ በዚሁ ቃል ጠራው፤ ዕብራይስጡ በነጠላ «ሖሼክ» ያለውን ላቲኑ በብዙ ቍጥር ተናገረው። ይህ የቋንቋው ጠባይ እንጂ የተሰወረ ምሥጢር አይደለምና ትልቅ ትምህርት ልንሠራበት አይገባም። ሆኖም ኑዛዜ እየሰማ፣ ለቅሶ ቤት እየተመላለሰ የኖረ ካህን ጨለማ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። የኃጢአት ጨለማ አለ፤ ያለማወቅ ጨለማ አለ፤ የኀዘን ጨለማም አለ። አንዱን ከሌላው መለየት ቀላል ሥራ አይደለም።

የቋንቋ ሊቃውንት የቃሉን ሥር ሲመረምሩ «ቴም» ወደሚል እጅግ ጥንታዊ መነሻ ይደርሳሉ። በሳንስክሪት ጨለማ ማለት የሆነው «ተመስ» የዚሁ ሥር ቅርንጫፍ ነው፤ በላቲኑ ግን «ም» በዘመናት ብዛት ወደ «ን» ተለወጠ። ከዚሁ ሥር ሌላ የላቲን ቃል ወጥቷል፤ «ቴሜሬ» ይባላል፤ «በጭፍን፣ ሳያስቡ፣ በድፍረት» ማለት ነው። በጨለማ የሚሄድ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ሳያይ ይረግጣልና። በቤተ ክርስቲያን የሥነ ምግባር ትምህርትም ከዚህ ቃል ስሙን ያገኘ ኃጢአት አለ፤ «ዩዲቺዩም ቴሜራሪዩም»፣ የጭፍን ፍርድ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ይህን በስምንተኛው ትእዛዝ ሥር፣ በቍጥር 2477 ያነሣዋል። በቂ ማስረጃ ሳይኖረው ባልንጀራው በደለኛ መሆኑን በልቡ እንኳ እውነት አድርጎ የሚቀበል ሰው በዚህ ኃጢአት እንደሚጠየቅ ያስተምራል።

የሴም ቋንቋዎችም ከዚህ የራቁ አይደሉም። የግእዙ «ጸልመ»፣ «ጽልመት»፣ የአማርኛችንም «ጨለማ» ከአንድ ሥር ናቸው። የዐረብኛው ዘመዳቸው ደግሞ በአንድ ሥር ጨለማንም ግፍንም ይጠራል።

ይህን ያህል በአንድ ቃል ላይ የቈየነው የራሳችን ጥፋት ስላለብን ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ጸሎት ቤት ልጅዋን የቀበረች እናት ከአርባው በኋላ ወደ እኛ ቀርባ፦ «አባ፣ መጸለይ አቃተኝ፤ አባታችን ሆይ ብዬ ስጀምር ልቤ ባዶ ይሆንብኛል» አለችን። በሌላ መንደር የሚጠብቁን ሰዎች ስለ ነበሩ ቸኵለን ነበር። «ራስሽን መርምሪ፤ ምናልባት ሳትናዘዢው የቀረ ነገር ይኖር ይሆናል» ብለናት በቅሎአችን ላይ ወጣን። ለቃላችን ምንም ማስረጃ አልነበረንም። ሴቲቱ ከዚያ ቀን በኋላ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወች። የቦታው ካቴኪስት ምክንያቱን የነገረን ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ በየሌሊቱ እየተነሣች «የልጄን ሞት ያመጣው የትኛው ኃጢአቴ ነው?» እያለች ትቈጥር ነበር።

ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በምድር ላይ ጨለማ እንደ ሆነ ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ ይመሰክራሉ። (የእኛ ሰዓት አቈጣጠር ከወንጌሉ ጋር ስለሚስማማ፣ ሌሎች ሕዝቦች ሰዓቱን በራሳቸው አቈጣጠር መመለስ ሲያስፈልጋቸው እኛ እንደ ተጻፈው እናነበዋለን።) ይህ የተለመደ የፀሐይ ግርዶሽ ሊሆን አይችልም፤ ፋሲካ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ ይውላል፤ ግርዶሽ ግን በጨረቃ መባቻ ብቻ ይሆናል፤ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ የምትሸፈነውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያ ጨለማ መጨረሻ ጌታ አምላኩ ስለ ምን እንደ ተወው በመዝሙረኛው ቃል ጮኸ። ኃጢአት የሌለበት እርሱ በጨለማ ውስጥ ሆኖ እንዲህ ከጸለየ፣ ጨለማ ያገኘውን ሰው ሁሉ «በደለኛ ነህ» ለማለት ምን ሥልጣን አለን? እ.ኤ.አ. በ2016 ቅድስት ተብላ የታወጀችው፣ እኅቶቿም በሀገራችን ድኾችንና ሕሙማንን የሚያገለግሉላት የካልካታዋ ቴሬዛ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በውስጥ ጨለማ እንደ ኖረች በ2007 የታተሙት ደብዳቤዎቿ ገልጠዋል። ያን ሁሉ ዘመን ጸሎቷንም አገልግሎቷንም አልተወችም።

ወደ ጸሎቱ እንመለስ። «ቴኔብሬ» የጸሎተ ሐሙስ፣ የስቅለትና የቀዳም ሥዑር የሌሊትና የነግህ ጸሎት ነው፤ በቀድሞው ልማድ በዋዜማው ምሽት ይደርስ ነበር። ሦስት ማዕዘን ባለው መቅረዝ ላይ ካልነጣ ሰም የተሠሩ 15 ጧፎች ይበራሉ። በመጀመሪያው ክፍል ሰቆቃወ ኤርምያስ በዜማ ይነበባል፤ የዕብራይስጡ ፊደላት ስም፣ አሌፍ፣ ቤት እየተባለ አብሮ ይዜማል፤ የግእዝ ዳዊት የደገመ ሰው ይህን ከመዝሙር 118 ያውቀዋል። በእያንዳንዱ መዝሙር ፍጻሜ አንድ ጧፍ ይጠፋል፤ መዝሙሮቹ 14 ናቸውና አንድ ጧፍ ይቀራል። እርሱ አይጠፋም፤ ከመሠዊያው ኋላ ይሸሸጋል። በጨለማው ውስጥ ሕዝቡ መጽሐፉን በመቀመጫው ላይ እየመታ ድምፅ ያሰማል፤ በጌታ ሞት ጊዜ የሆነውን የምድር መናወጥ ለማሰብ ነው። ከዚያም ጧፉ ይመለሳል፤ ሁሉም በዝምታ ይበተናል። እ.ኤ.አ. በ1955 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የሰሙነ ሕማማትን ሥርዓት ካደሱ በኋላ ጸሎቱ በብዙ ስፍራ ቀርቷል፤ እዚህም እዚያም ግን እንደ መንፈሳዊ ልማድ ይፈጸማል። በግእዝ ሥርዓት የሚጸልዩ ወገኖቻችን በግብረ ሕማማቱ ንባብና በስግደቱ የራሳቸው ሀብት አላቸውና ይህን ይዋሱ ዘንድ አንመክርም።

እኛ ያቺን እናት ቤቷ ሄደን ይቅርታ ለመንናት፤ ዝም ብላ ቡና አፈላችልን። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ጸሎት ቤት ቴኔብሬን ስናደርስ መጥታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሁሉም በዝምታ ሲወጣ እርሷ ቈየችና፦ «አባ፣ ያቺ ጧፍ ከመሠዊያው ኋላ ስትሆን ጠፍታ ነበር?» ብላ ጠየቀችን። እንዳልጠፋች ነገርናት። ሄዳ ስፍራውን አየችው፤ የሰሙ ጠብታ ገና ትኵስ ነበር።