የዘነጉትን አረጋውያን ስለ መዘከር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ካህናትና ምእመናን ሆይ፤ አገራችን ጋይንት የትምህርት አገር መሆኗ የታወቀ ነው። የድጓው ምስክር ቤተ ልሔም በዚያ ስለሚገኝ፥ ከእስቴም ከስማዳም ከሩቅ አገርም ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቦ ሲመጣ የኖረው ተማሪ ብዙ ነው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሳይስት በቃሉ የያዘ ሰው በዚያ ይከበራል። እንግዲህ መርሳት እንደ ነውር በሚቈጠርበት አገር፥ በእርጅናው ጊዜ ነገር ሁሉ የጠፋበት ሰው ምን ክብር ይቀርለታል? ይህን ጥያቄ ያስተማሩኝ መምህሬ ሳይሆኑ አያቴ ናቸው።

አያቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ጭነው የሚኖሩ የእስቴ ሰው ነበሩ። አስቀድሞ መቍጠሪያቸውን ያኖሩበትን ስፍራ ዘነጉ፤ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ ሳቱ። በኋላም ከገዛ ቤታቸው ተቀምጠው «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» እያሉ ያለቅሱ ነበር። የወለዷትን እናቴንም፥ «እመቤቴ፥ ደግ ሰው ነዎት፤ የማን ልጅ ነዎት?» ብለው በአንቱታ ይጠይቋት ጀመር።

እኔ በዚያ ጊዜ ዲያቆን ነበርሁ። በጾመ ፍልሰታ አንድ ቀን ቅዳሴው ሳያልቅ እንጀራ ሲበሉ ባገኛቸው፥ «ቆብ የጫነ ሰው እንዲህ ያደርጋልን?» ብዬ ተቈጣኋቸው። እርሳቸውም ከያዙት ቈርሰው፥ «ርቦህ ነው፥ ልጄ፤ እንካ ብላ» አሉኝ። ይህን ባሰብሁ ቍጥር አፍራለሁ። ፍትሐ ነገሥታችን በጾም ነገር ለታመመ ሰው እንደሚራራ ተምሬ ሳለሁ፥ ለአያቴ ሲሆን ዘነጋሁት።

መንደሩ መንፈስ ነው አለ። ጠበል ወሰድናቸው፤ መልካም አደረግን፤ ነገር ግን ጠበል መጠመቅ ሐኪም ከመጠየቅ አይከለክልም። ሐኪሙ የነገረን ደዌ አልዛይመር ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው በ1899 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1906) ስለዚህ ሕመም ለሐኪሞች ጉባኤ ካስረዳው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። የአንጎልን ሕዋሳት ቀስ በቀስ ያጠፋል፤ ብዙ ጊዜ የቅርቡን ነገር አስቀድሞ ወስዶ የልጅነቱን ያቈያል። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። ስለዚህ የታመመውን ሰው መገሠጽ ዕውርን ስለ ምን አታይም እንደ ማለት ነው።

መጽሐፈ ሲራክም በሦስተኛው ምዕራፍ፥ ያረጀ አባት አእምሮው ቢጐድል እንኳ ልጁ እንዲታገሠው፥ በጕልበቱም ተመክቶ እንዳይንቀው ያዝዛል። እኛ ግን ሰው በሞተ በ40 ቀኑ ጠላ ጠምቀን፥ በሬ አርደን ተዝካር እናወጣለን፤ በሕይወት ሳለ ከምድጃው አጠገብ ብቻውን የተቀመጠውን ማን ይዘክረዋል? የአያቴ ጐረቤቶች «ከእንግዲህ አያውቁንም» ብለው መምጣቱን ተዉ። የንስሐ አባታቸው ግን አልተዉም። «ታውቂኛለሽን?» ብለው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቋቸውም፤ መስቀላቸውን አሳልመው፥ ውዳሴ ማርያሙን ከአጠገባቸው ሆነው ይደግሙላቸው ነበር። አያቴም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተሉ ነበር።

የልጆቻቸው ስም ሁሉ ከጠፋባቸው በኋላ አንድ ድምፅ ቀርቶላቸው ነበር። ተማሪ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል በሰሙ ጊዜ፥ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሥተው ወደ መሶቡ ይሄዱ ነበር። የሰጡትንም ወዲያው ይረሱና፥ «ያ ተማሪ በላ?» ብለው ይጠይቃሉ። ባረፉበት ሳምንት ተማሪ ወደ ደጃችን አልመጣም ነበር፤ እርሳቸው ግን ሌሊቱን ሁሉ ይህንኑ ይጠይቁ ነበር፤ እናቴም በጠየቋት ቍጥር፥ «በልቷል፥ እምዬ፤ ጠግቦ ሄዷል» ትላቸው ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።